ሕግ ዐዋቂው ጠቅላይ ሚኒስትር
(የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሕይወት ባጭሩ)

ያንድን የታወቀ ሰው ሕይወት መጻፍ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ጸሐፊው ሟቹን የወደደ እንደ ሆነ ጽሑፉ ውዳሴ ይሆናል፤ የጠላ እንደ ሆነም ክስ ይሆናል። ይልቁንም ሰውዬው ለረዥም ዘመን በሥልጣን ላይ ኖሮ በመጨረሻ በግፍ የሞተ ሲሆን፣ አመስጋኙም ወቃሹም እኩል ድምፁን ከፍ ስለሚያደርግ እውነቱ በመካከል ተረግጦ ይቀራል። እኛም ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነው እንዲህ ስላለ ሰው ነው።

የተነሣንበትን ምክንያት አስቀድመን ብንናገር ደግ ነው። እኛ ሦስት የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስንሆን፣ የምንኖረው በከተማችን ደቡብ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር ነው። አንድ ቀን ጧት ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍረን ሳለን፣ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ወደብ ወሬ ተነሣ። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ፣ ያለ ጥይት ባሕሩን ለኢትዮጵያ ያስገኙት አክሊሉ እንደ ሆኑ በኩራት ተናገሩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ደግሞ፣ የተማሪዎች ደም የፈሰሰው በማን ዘመነ መንግሥት እንደ ነበር ያውቁ እንደ ሆነ መልሶ ጠየቃቸው። ክርክሩ እየጋለ ሄደና፣ አጠገባችን የነበረች አንዲት ሴት መጽሐፍ መያዛችንን አይታ፣ እናንተ የተማራችሁት ፍረዱ እንጂ አለችን። እኛ ግን አንገታችንን ደፋን። የሰውዬውን ስም እንጂ ሥራቸውን አናውቅም ነበርና። ከታክሲው ስንወርድ የተሰማን እፍረት ወደ ቤተ መጻሕፍት ወሰደን፤ ይህም ጽሑፍ የዚያ እፍረት ውጤት ነው።

አክሊሉ ሀብተ ወልድ የተወለዱት በ1904 ዓ.ም. ነው። አባታቸው አለቃ ሀብተ ወልድ የቡልጋ ሰው፣ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ። ልጆቻቸው መኰንን፣ አካለ ወርቅና አክሊሉ፣ ሦስቱም በየተራቸው የኢትዮጵያ ሚኒስትሮች ለመሆን በቅተዋል። ይህ በዚያ ዘመን ተራ ነገር አልነበረም። የመሳፍንቱ ልጆች ርስትና ጉልት፣ ጭፍራና ነፍጥ ነበራቸው፤ የአለቃ ሀብተ ወልድ ልጆች ግን ከብዕር በቀር ሌላ ርስት አልነበራቸውም። ወደ ላይ ያወጣቸው ትምህርታቸውና የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ነበር። አክሊሉ በኋላ ዘመን ለዘውዱ ያሳዩትን ጽኑ ታማኝነት፣ አንዳንዶችም ወግ አጥባቂነት የሚሉትን ጠባያቸውን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፣ ከዚህ መነሣት ይኖርበታል። ዘውዱ ሲወድቅ መሳፍንቱ የሚመለሱበት አገር ነበራቸው፤ የቄስ ልጅ ግን የሚመለስበት አልነበረውም።

ወጣቱ አክሊሉ ወደ ግብጽ ተልከው በእስክንድርያ በፈረንሳዮች ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከዚያም ወደ ፓሪስ ተሻግረው የሕግ ትምህርት አጠኑ። በፓሪስ የተማሩት ሕግ ግን ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ፣ እርሳቸው በፓሪሱ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ውስጥ ነበሩ። የመንግሥታት ማኅበር የተባለው ድርጅት አባሎቹን ከጥቃት ሊጠብቅ ቃል የገባበት ወረቀት ነበረው፤ ኢትዮጵያም ፈርማ አባል ሆና ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው አቤት ባሉ ጊዜ፣ የሰማ እንጂ የረዳ አልተገኘም። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ የኢጣልያን ግዛት ዐውቀው አጸደቁላት። ሕግ የሚማር ወጣት ሕግ በገዛ አገሩ ላይ ሲረገጥ ማየት ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ እያንዳንዳችን ልንገምተው እንችላለን።

ከዚህ መራራ ነገር ሁለት ትምህርት ማግኘት ይቻል ነበር። አንደኛው፣ ሕግ የኀይለኞች መጫወቻ ስለ ሆነ ወደ ጠመንጃ መዞር ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ደካማ አገር ከሕግ በቀር ሌላ ጋሻ ስለሌላት ሕጉን ከኀይለኞቹ አብልጦ ማወቅ ነው። አክሊሉ የመረጡት ሁለተኛውን ነው። በስደቱ ዘመን ሁሉ በፓሪስ የኢትዮጵያን ስም በሕይወት ለማቆየት ሲደክሙ ቆይተው፣ በ1932 ዓ.ም. ጀርመኖች ፓሪስን ከያዙ በኋላ ከዚያ ወጥተው፣ ከነጻነት በኋላ ለአገራቸው አገልግሎት በቁ።

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከአገር ቢወጣም የኢትዮጵያ ነጻነት ገና ሙሉ አልነበረም። በ1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ውል ለእንግሊዞች ብዙ ሥልጣን ይሰጥ ነበር፤ ኦጋዴንም በእንግሊዝ ወታደሮች እጅ ነበረ። ኤርትራም እንዲሁ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረች። አክሊሉ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር የሆኑት በዚህ ጊዜ ነው፤ በ1940ዎቹም መጀመሪያ ሚኒስትር ሆኑ። የሚኒስቴሩ ሠራተኞች ቍጥር እጅግ ጥቂት ነበር። ጆን ስፔንሰር የተባለው አሜሪካዊ የሕግ አማካሪ አብሯቸው ይሠራ ነበር። እነዚህ ጥቂት ሰዎች የታላላቅ መንግሥታትን የሕግ ሊቃውንት ፊት ለፊት መግጠም ነበረባቸው።

የአክሊሉ አካሄድ በዚያ ዘመን በእኛ አገር የተለመደ አልነበረም። በጦር አይዝቱም፤ በልመናም አይሸነፉም። የሚይዙት ወረቀት ነው፤ ይኸውም ውሉ መቼ እንደ ተፈረመ፣ ማን እንደ ፈረመው፣ አንቀጹ ምን እንደሚል መቍጠር ነው። አንዱ መንግሥት እንቢ ሲል ወደ ሌላው ይዞራሉ፤ የእንግሊዝና የአሜሪካን የፍላጎት ልዩነት ለኢትዮጵያ ጥቅም መሣሪያ ያደርጉታል። በ1937 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው አዲስ ውል የፊተኛውን ቀንበር አቃለለው። ከዚያ በኋላ ኦጋዴን፣ በ1947 ዓ.ም. በተደረገውም ስምምነት ሐውድና የተከለለው ምድር የተባለው ቦታ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሱ። ይህን ያህል መሬት አንድም ጥይት ሳይተኮስ መመለሱን ስናስብ፣ የሕግ ትምህርት ለምን ይጠቅማል ለሚሉ ጓደኞቻችን መልስ የሚሆን ይመስለናል።

ትልቁ ሙግት ግን የኤርትራ ነገር ነበር። በ1938 ዓ.ም. ክረምት በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ተከፍቶ፣ በየካቲት 1939 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የሰላም ውል ተፈረመ። ኢጣልያ በአፍሪካ በነበሯት ቅኝ ግዛቶች ላይ ያላትን መብት ለቀቀች፤ የኢትዮጵያን ነጻነት ዐወቀች፤ ለኢትዮጵያም 25 ሚሊዮን ዶላር የጦርነት ካሣ እንድትከፍል ተፈረደባት። የቅኝ ግዛቶቹ ዕድል ግን ለአራቱ ታላላቅ መንግሥታት ተተወ፤ እነርሱ ባንድ ዓመት ውስጥ ካልተስማሙ ነገሩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እንዲሄድ ተወሰነ። አልተስማሙምና ሄደ።

በግንቦት 1941 ዓ.ም. ቤቪንና ስፎርዛ የተባሉት የእንግሊዝና የኢጣልያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች የተስማሙበት ዕቅድ ለጉባኤው ቀረበ። በዚህ ዕቅድ ከምዕራቡ ክፍል በቀር ኤርትራ ለኢትዮጵያ ትሰጥ ነበር። ነገር ግን ያው ዕቅድ ትሪፖሊን በኢጣልያ ሞግዚትነት ሥር የሚያደርግ ክፍል ስለ ነበረበት፣ ያ ክፍል ባንድ ድምፅ ጐድሎ ወደቀ፤ እርሱ ሲወድቅም ዕቅዱ በሙሉ አብሮት ወደቀ። የትሪፖሊ ሰዎች የዳኑበት ያው አንድ ድምፅ የኢትዮጵያን ተስፋ አፈረሰ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ከበርማ፣ ከጓቲማላ፣ ከኖርዌይ፣ ከፓኪስታንና ከደቡብ አፍሪካ የተውጣጣ መርማሪ ኮሚሲዮን ወደ ኤርትራ ተላከ። አምስቱ መንግሥታት አንድ አሳብ ሊሆኑ አልቻሉም፤ ኖርዌይ አንድነትን፣ በርማና ደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽንን፣ ጓቲማላና ፓኪስታን ነጻነትን ደገፉ። በመጨረሻም ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው በ46 ድምፅ ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ወሰነ። ውሳኔው በመስከረም 1945 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ።

በዚያው ዘመን የኮርያ ጦርነት ተነሥቶ ነበር። ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ላከች፤ እስከ መጨረሻው ከ6,000 በላይ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን በዚያ አገልግለው፣ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ብዙ ሰው ይህን የአሜሪካን ወዳጅነት ለማግኘት የተደረገ ነገር አድርጎ ያየዋል፤ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመውን የወታደር እርዳታና የቃኘው ጣቢያ ውል ሲያስብ እውነትም ይመስላል። ነገር ግን ሌላም ምክንያት ነበረው። በ1928 ዓ.ም. የጋራ ጥበቃ ቃል ፈርሶባት የተጠቃች አገር፣ ያ ቃል በሌላ ሲፈርስ ዝም ብትል የገዛ ክርክሯን ራሷ ታፈርሰው ነበር። ሕግ ዐዋቂው ሚኒስትር ይህን ይገነዘቡ ነበር ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ አገር ውስጥ ሥራቸው እንመለስ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታወጀ። ረቂቁን ካዘጋጁት ጥቂት ሰዎች መካከል ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ፣ አክሊሉና ሦስት አሜሪካውያን አማካሪዎች ይገኙ ነበር። ይህ ሕገ መንግሥት ሁለት ፊት ያለው ነው። በአንድ ፊቱ የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውንም የማይነካ ያደርጋል፤ ሚኒስትሮች ሁሉ ተጠያቂነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ለፓርላማው እንዳይሆን ያደርጋል። በሌላው ፊቱ ደግሞ ሕዝቡ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ ይፈቅዳል፤ የመናገርና የመሰብሰብን መብት በሕግ ወሰን ውስጥ ይሰጣል። በ43ኛውም አንቀጽ ማንም ሰው ሕጋዊው ሥርዓት ሳይፈጸምለት ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን እንዳያጣ ይከለክላል። አንባቢያችን ይህን 43ኛ አንቀጽ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ የመንግሥት ግልበጣ ሞከሩ። ሙከራው በከሸፈ ሰዓት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ብዙ ሚኒስትሮችና መኳንንት ተረሸኑ። ከነዚህም አንዱ የአክሊሉ ታላቅ ወንድም አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ ነበሩ። ያ ቤተ መንግሥት ዛሬ የእኛ የስድስት ኪሎ ግቢ ነው። በየቀኑ መጽሐፍ ይዘን በምናልፍበት ሕንጻ ውስጥ ያ ደም መፍሰሱን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሚያዝያ 1953 ዓ.ም.፣ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚህም ሥልጣን እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ድረስ 13 ዓመት ያህል ቆዩ። በውጭ ጉዳይ በኩል ይህ ዘመን ታላላቅ ሥራ የታየበት ነው። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ቀደም ሲል በ1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ስለሚፈጸመው የዘር መድልዎ ደቡብ አፍሪካን በላሄው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰው ነበር። ክርክሩ 6 ዓመት ያህል ፈጅቶ፣ በሐምሌ 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱም ተጨማሪ ድምፅ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በነገሩ ላይ የመክሰስ መብት የላቸውም ተብሎ ተወሰነ። እነሆ፣ በጄኔቭ የታየው ነገር በላሄ ተደገመ። ነገር ግን ይህ ሽንፈት ከንቱ አልቀረም፤ ዓለምን አስቈጥቶ በጥቅምት 1959 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን የሞግዚትነት ሥልጣን ሽሯል። ዛሬ ያች አገር ናሚቢያ ተብላ ነጻ ናት።

በአገር ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። እዚህ ላይ ጸሐፌ ትእዛዝን ከሚያመሰግኑት ሽማግሌ እንለያለን።

አንደኛ፣ በኅዳር 1955 ዓ.ም. የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈረሰ። በተባበሩት መንግሥታት ፊት በ46 ድምፅ የተገኘው ውሳኔ ለኤርትራ የራሷን ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤትና ሰንደቅ ዓላማ የሚሰጥ ነበር። አክሊሉ የዚህን ውል ዋጋ ከማንም ይበልጥ ያውቁ ነበር፤ ውል ፈረሰብን ብለው በጄኔቭና በፓሪስ የጮኹት ወገኖች አንዱ ነበሩና። ሆኖም ውሉ በፈረሰ ጊዜ የመንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ያህል የቆየው ጦርነት የስንት እናት ልጅ እንደ በላ ሁላችንም እናውቃለን፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ሆነች፤ በሕግ የተገኘውም ባሕር ሄደ። ሽማግሌው ባሕሩ በምን እንደ ተገኘ ሲነግሩን፣ በምን እንደ ታጣ ሊነግሩን አልፈለጉም።

ሁለተኛ፣ የመሬት ነገር ነው። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ብለው ሰልፍ ወጡ። መንግሥት የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር አቋቋመ፤ ጭሰኛውን ከባለ መሬቱ የዘፈቀደ ግፍ የሚጠብቅ የሕግ ረቂቅም ተዘጋጅቶ ወደ ፓርላማው ሄደ። በፓርላማው ውስጥ ግን የተቀመጡት አብዛኛዎቹ ባለ መሬቶች ስለ ነበሩ፣ ረቂቁ ከዓመት ወደ ዓመት ሲንከባለል ሳይጸድቅ ቀረ። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲታወጅ 3,367 አንቀጾች ነበሩት፤ ከነዚህ ሁሉ መካከል ግን ጭሰኛውን ከነቤተሰቡ ከመባረር የሚያድነው አንቀጽ አልተገኘም።

ሦስተኛው ነገር ለእኛ ከሁሉ የከበደ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ ግቢ ሲያለቅሱ፣ ወታደሮች ገብተው ተኮሱባቸው፤ ሌሎችም ተማሪዎች ሞቱ። ያን ጊዜ ሕገ መንግሥቱ ጸንቶ ነበር፤ 43ኛውም አንቀጽ በቦታው ነበር። አንቀጹን ካረቀቁት አንዱ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ተኩሱን ያዘዙ እርሳቸው ናቸው አንልም፤ ይህን የሚያረጋግጥ ነገር በእጃችን የለም። ነገር ግን በርሳቸው መንግሥት ዘመን ያ አንቀጽ ለተማሪዎቹ አልሠራም።

ለጸሐፌ ትእዛዝ የሚከራከሩ ሰዎች አንድ የማይናቅ መልስ አላቸው። እርሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ይባሉ እንጂ የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ እስከ 1958 ዓ.ም. ድረስ የራሳቸውን ሚኒስትሮች እንኳ መርጠው የማቅረብ መብት አልነበራቸውም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን አስተዳዳሪዎቹና ጄኔራሎቹ በየበራቸው ወደ ቤተ መንግሥት ይገቡ ነበር፤ ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ግን ደግሞ ከእውነቱ ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ሥልጣን የሌለው ሰው 13 ዓመት በሥልጣን ወንበር ላይ ስለ ምን ይቀመጣል? እኛ ያገኘነው መልስ ከልጅነታቸው ታሪክ የሚመጣ ነው። ዘውዱን የሕግ ሁሉ ግንድ አድርገው ያዩ ስለ ነበር፣ ግንዱ ከተነካ ቅርንጫፉ ሁሉ ይወድቃል ብለው ይሰጉ ነበር ብለን እናስባለን። ስጋታቸው ከንቱ እንዳልነበረ ኋላ ታይቷል፤ ነገር ግን ግንዱን ለማዳን ሲባል ያልተገረዘው ዛፍ በራሱ ክብደት ወደቀ።

የወደቀበትም ሁኔታ እንዲህ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ብርቱ ረኃብ ሆኖ ብዙ ሕዝብ ሲያልቅ፣ መንግሥት ነገሩን ለመሸፈን ሞከረ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ያለው ጦር ስለ ምግብና ስለ ውሃ አምጾ አዛዦቹን ያዘ። በየካቲት ወር መምህራን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድን በመቃወም፣ የታክሲ ነጂዎችም የነዳጅ ዋጋ በመጨመሩ ሥራ አቆሙ፤ ተማሪዎችም ወጡ። ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ካቢኔ ሥልጣኑን አስረከበ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኰንንም በቦታቸው ተተኩ። የተባበሩት መንግሥታትን ጉባኤ ያሸነፈ ብዕር የታክሲ ነጂዎችን ጡሩምባ ሊያሸንፍ አልቻለም።

በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ጸሐፌ ትእዛዝ ከሌሎች ባለ ሥልጣኖች ጋር ታሰሩ። የባለ ሥልጣኖችን ጥፋት የሚመረምር ኮሚሲዮን ተቋቁሞ ነበርና፣ እርሳቸውም በእስር ቤት ሆነው ስለ ሥራቸው ረዥም ቃል በጽሑፍ ሰጡ። ይህ ጽሑፍ ከብዙ ዘመን በኋላ የአክሊሉ ማስታወሻ ተብሎ በመጽሐፍ ወጥቶ እኛም ለማንበብ በቅተናል። ያነበበው ሰው የሚገርመው ነገር፣ እስረኛው ስለ ስለ ስብሰባዎችና ስለ ውሎች በዝርዝር መጻፋቸው ነው። በእስር ቤትም ሆነው እንደ ጠበቃ ማስረጃቸውን ይደረድሩ ነበር። ምክንያቱም ዳኛ ይጠብቁ ነበር።

ዳኛ ግን አልመጣም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ አስረሸነ። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉና ወንድማቸው አቶ አካለ ወርቅ በዚያች ሌሊት አብረው ሞቱ፤ ከነሱ በኋላ የተሾሙት ልጅ እንዳልካቸውም እዚያው ነበሩ። ሬሳቸው ባንድ ጉድጓድ ተጣለ። ሦስቱም የአለቃ ሀብተ ወልድ ልጆች እንዲህ በጥይት አለቁ። መርማሪ ኮሚሲዮኑ ሥራውን ገና አልጨረሰም ነበር፤ ተከሳሹ ሳይከሰስ፣ ምስክሩ ሳይሰማ፣ ጠበቃው ሳይናገር ፍርዱ ተፈጸመ። አጽማቸው ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረው በ1984 ዓ.ም. ነው። የገደሏቸው የደርግ ባለ ሥልጣኖች ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ጠበቃ ቆሞላቸው፣ ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኞች ተባሉ። ለአክሊሉ የተነፈገው ነገር ለገዳዮቻቸው ተሰጠ። መሰጠቱም ትክክል ነበር።

እንግዲህ ያቺ የታክሲዋ ሴት የጠየቀችንን ፍርድ ለመስጠት እንሞክር። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ በውጭ አገር የኢትዮጵያ ጠበቃ ሆነው ያገለገሉትን አገልግሎት የሚተካከል ጥቂት ነው፤ ይህን መካድ ንፉግነት ነው። በአገር ውስጥ ግን ለደካማ አገር በኀይለኞች ፊት የጠየቁትን ሕግ፣ ለደካማ ዜጋ በኀይለኛ መንግሥት ፊት ሊያስገኙለት አልቻሉም፤ ይህንም መካድ ለሞቱት ወንድሞቻችን አለመታመን ነው። 43ኛው አንቀጽ በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ለጥላሁንና ለጓደኞቹ አልደረሰላቸውም፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደግሞ ለአርቃቂው ለራሳቸው አልደረሰላቸውም። ሕግ እንደ ድልድይ ነው፤ ሌላው ሲያልፍበት ሲሰበር ያልጠገነው ሰው፣ ለርሱ ተራ ሲደርስ ተሰብሮ ያገኘዋል።

ይህን ስንል ራሳችንንም ከወቀሳው አናወጣም። ከእኛ በፊት በዚህ ግቢ የነበሩት ተማሪዎች ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው፤ መሬት ላራሹ ብለው የጮኹትም ጩኸት እውነት ነበር። ነገር ግን በዚያች የኅዳር ሌሊት ማግሥት የተገደሉት ሰዎች ጠላቶች ስለ ነበሩ ብቻ ዝም ያሉ፣ ደስ ያላቸውም ነበሩ። ሁለት ዓመትና ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያው ጥይት ወደ ተማሪው ዞረ፤ በቀይ ሽብር ጊዜ በየመንገዱ የወደቀው የማን ልጅ እንደ ነበር መናገር አያስፈልግም። ለጠላታችን ሕግ ሲጓደል ዝም ካልን፣ ዝምታችን ለራሳችን የተቈፈረ ጉድጓድ ነው።

ጽሑፋችንን ጨርሰን በሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ስንጠብቅ፣ ያንን ሽማግሌና ያንን ወጣት ደግመን ብናገኛቸው ምን እንደምንላቸው ተነጋገርን። ለሽማግሌው፣ ባሕሩን ያስገኘው ውል ሲፈርስም አክሊሉ እዚያው እንደ ነበሩ እንነግራቸዋለን። ለወጣቱም፣ የተማሪዎቹ ደም እውነት እንደ ሆነ፣ ያለ ፍርድ የሞተው ሽማግሌ ደምም እውነት እንደ ሆነ እንነግረዋለን። ሁለቱም ምናልባት አይወዱልን ይሆናል። እኛ ግን ያን ቀን አንገታችንን እንደ ደፋነው ዳግመኛ አንደፋም።